ኖ ባትሪ የሚለው ሳጥን

«ኧረ ና ውሰደው በአላህ! እሷ ገና አልሰማችም፤ እኔ እነግራታለሁ።»

ፈሪሀ ይህን የሰማችው ገና ከአልጋዋ ሳትወርድ፣ መኝታዋን ከሳሎኑ በሚለየው የኮምፔርሳቶ ግድግዳ በኩል ነው። እናቷ ኡሙሃኒ ስልክ ስታነጋግር ትጮኻለች፤ የምታነጋግረው ሰው ዋጃ ከተማ ያለ ከሆነ ደግሞ ስልኩን የማታምነው ይመስል የባሰ ትጮኻለች። በወዲያኛው ጫፍ የነበረው ግርማይ ነው፣ ዋጃ ላይ የዶሮ መኖ የሚሸጠው ነጋዴ። ና ውሰደው የተባለው የእንቁላል መፈልፈያ ማሽን ነው። ገና ያልሰማችው ደግሞ የማሽኑ ባለቤት ዓሊማ፣ የፈሪሀ ወንድም የመህዲ ሚስት ናት፤ በዚያች ሰዓት ግቢው ውስጥ ለማሽኑ የሚሆን ውሃ በጨርቅ እያጣራች ለራሷ ታንጎራጉር ነበር።

«የማንን ዕቃ ነው የምትሸጪው?» አለች ፈሪሀ ሳሎን ገብታ።

ኡሙሃኒ አልደነገጠችም። ስልኳን ደረቷ ውስጥ ሸጎጥ አደረገችና ወንበር ሳበች። «ጠዋት ጠዋት አትነዝንዢኝ። ሁለት ጊዜ የሰው እንቁላል አበላሸ። የሰው! የራሳችን ቢሆን አፌንም አልከፍት። ለጎረቤት ሰላምታ መስጠት ፈራሁ እኮ።»

ነገሩ እውነት ነው። ዓሊማ ማሽኑን የገዛችው ባሏ በከባድ መኪና ጅቡቲ መመላለስ ከጀመረ በኋላ፣ የሰርግ ወርቋን ሸጣ ነው። የሰፈሩ ሴቶች እንቁላላቸውን ያመጡላታል፣ ጫጩቱን እኩል ይካፈላሉ፤ ላሙም ፍየሉም በዚህ አገር በእኩል ይረባልና ማንም ውል እንጻፍ አላለም። እያንዳንዷ ቅርፊቱ ላይ በእስክርቢቶ የራሷን ምልክት ታደርጋለች፤ አንዷ ጨረቃ፣ አንዷ መስቀል፣ ፊደል ያልቆጠሩት አሮጊት ሦስት ነጥብ። ችግሩ መብራት ነው። ከማሽኑ ጎን የጫማ ካርቶን የምታህል ሳጥን ተያይዛለች፤ ውስጧ ባትሪና ቻርጀር፣ ፊቷ ላይ ትንሽ ስክሪን አለ። መብራት ሲሄድ ባትሪው ተረክቦ ሙቀቱን ይዞ መቆየት አለበት፤ ሻጩ እንደዚያ ብሏል። ግን መብራት በጠፋ ቁጥር ሳጥኑ ጲጵ ጲጵ ማለት ይጀምርና ስክሪኑ ላይ «ኖ ባትሪ» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይመጣል። ገበያ ውስጥ ያለ ጠጋኝ ከሶኬት ነቅሎ አየው፣ ጽሑፉን አነበበ፣ ባትሪውን በአዲስ ቀየረው። በነጋታው መብራት ሲጠፋ አዲሱም ኖ ባትሪ ተባለ።

ከዚያ የሚሆነውን ፈሪሀ ታውቀዋለች፤ ቆቦ ውስጥ በየቤቱ የሚሆነው እሱ ነው። ለወራት ጠፍቶ የቆየው መብራት የተለቀቀ ቀን በጉልበት መጥቶ የግማሹን ሰፈር ፍሪጅ አቃጥሏል፤ የኡሙሃኒም አሮጌ ፍሪጅ ዛሬ ማሽላ ይቀመጥበታል። ከዚያ ወዲህ መብራት ድርግም ሲል የቤት እመቤት መጀመሪያ የምታደርገው ሻማ መፈለግ ሳይሆን እየዞሩ ሶኬት መንቀል ነው። ኡሙሃኒ በዚህ ሥራ የሚቀድማት የለም። ቴሌቪዥኑን፣ ዲቫይደሩን፣ አዲሱን ፍሪጅ ትነቅልና መጨረሻ ላይ ዓሊማ ክፍል ትገባለች፤ የሚጮኸውን ሳጥን ማጥፊያውን ተጭና ዝም ታሰኘዋለች። እንቁላሎቹ ብርድ ልብስ ወደተነጠፈበት ቅርጫት ይዛወራሉ፣ ዙሪያቸውን ሙቅ ውሃ የተሞሉ ጠርሙሶች ይደረደራሉ። ይህን ስታደርግ ከአፏ ቢስሚላህ አይጠፋም። ጫጩት ግን አይወጣም፤ ቢወጣም እግሩ አይጸናም።

«ኢንጂነር ነሽ አይደል?» አለች ኡሙሃኒ። «ሄደሽ እዪው። ይሠራል ካልሽኝ አሁኑኑ ደውዬ ግርማይን አስቀረዋለሁ። አይሠራም ካልሽ ግን ከሰዓት ጭኖት ይሂድ። ከመኖው ጎን ጫጩት ይፈለፍልበታል፣ እሱ ጄኔሬተር አለው።»

ፈሪሀ ወልድያ አንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥራ የምትሠራ፣ በእረፍት ቀኗ ቤተሰብ ጋ ለማደር የመጣች የኤሌክትሪካል ምሩቅ ናት። ነገርን ማስታመም አትችልም፤ ሻይ እንኳ እስኪበርድ አትጠብቅም፣ ምላሷን አቃጥላ ትጠጣለች። ወደ ዓሊማ ክፍል ገባች። ክፍሉ የተነጠፈ ምንጣፍ፣ ተጠቅልሎ ግድግዳ የተደገፈ ፍራሽ፣ የመህዲ ፎቶና ያ ማሽን ናቸው፤ ከውጭ ይልቅ እዚያ ይሞቃል፣ ምክንያቱም የቆቦ ፀሐይ ገና በሦስት ሰዓት ቆርቆሮውን ማጋል ጀምሯል። ስክሪኑ ባትሪ ሙሉ ይላል። ሶኬቱን ነቀለች። ጲጵ አለ። ኖ ባትሪ። ሰካችው፤ ባትሪ ሙሉ። ነቀለችው፤ ኖ ባትሪ። መለኪያ ቴስተሯ ወልድያ ነው የቀረው። ባትሪው አዲስ ነው፣ ሽቦው ደህና ይመስላል፣ ታዲያ የሚቀረው አንድ ነገር ነው።

«የቻርጀሩ ቺፕ ሞቷል» ብላ ጮኸች ወደ ሳሎኑ። «ባትሪ ቢቀያየር ዋጋ የለውም።»

ዘወር ስትል ዓሊማ የተጣራውን ውሃ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

«ሞቷል ማለት አይድንም ማለት ነው?»

«ቺፑ ካልተቀየረ አይሠራም። ቆቦ ውስጥ ደግሞ የሚገኝ አይመስለኝም።»

ኡሙሃኒ ከኋላ መጣች። ልትናገረው ያሰበችውን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ተናገረች፤ ግርማይ ከሰዓት እንደሚመጣ፣ ዋጋውም ደህና እንደሆነ፣ ገንዘቡ የዓሊማ እንደሆነና ማንም እንደማይነካባት፣ ወርቋን መልሳ ልትገዛ እንደምትችል፣ መህዲም ቢሰማ ደስ እንደሚለው። ዓሊማ ውሃውን በማሽኑ ሥር ባለችው ሳህን ቀስ ብላ ሞላች፣ ጠብታ አልፈሰሳትም።

«ዛሬ ነው የሚፈለፈሉት» አለች። «ሁለቱ ቅርፊቱን ነቁረዋል። ከዚህ በኋላ ክዳኑ አይከፈትም። ከተከፈተ እርጥበቱ ይወጣና ጫጩቱ ቅርፊቱ ላይ ደርቆ ይቀራል።»

«እሺ፣ ይፈልፈሉና ይወስደዋል» አለች ኡሙሃኒ። «መብራት ካልሄደ።»

ቁርስ ቀረበ። ሦስት ሴቶች ከአንድ ሳህን ፍርፍር በሉ። ዓሊማ ከፊቷ ያለውን ብቻ እየቆነጠረች፣ እንደ ልማዷም ከኡሙሃኒ በፊት እጇን ሳትሰበስብ ጠበቀች። ቢጮኹ ይሻል ነበር። ፈሪሀ ዓሊማ ስትጮኽ ሰምታ አታውቅም፤ እዚህ ቤት ከገባች አንስቶ ኡሙሃኒ የምትለውን ሁሉ እሺ ትላለች፣ ያንን ማሽን መግዛቷ ብቻ ነው ማንንም ሳትጠይቅ ያደረገችው። ፈሪሀን ያናደዳትም ይኸው ነው። አንዲት ሴት በሕይወቷ አንድ ነገር በራሷ ፈቃድ ታደርጋለች፣ እሱም ኖ ባትሪ ይላል። ተነስታ ከኩሽና ቢላ አመጣች፣ የሳጥኑን ክዳን በስለቱ ፈትታ አንስታ ቦርዱን በስልኳ ፎቶ አነሳችው፣ ምስሉን አጉልታ ቺፑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አነበበች። ማሽኑ አልጠፋም፤ ክዳኑን መለሰች።

«ቺፑን ፈልጌ እመጣለሁ» አለቻት ዓሊማን።



የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚሸጠው ሱቅ ከአውራ ጎዳናው ዳር፣ የጭነት መኪኖች ከሚያድሩበት ፊት ለፊት ነው። ሻጩ ቁጥሩን ከስልኳ ላይ አይቶ ሳቀ። «ይሄ እንኳን ቆቦ ደሴም አይገኝ። ሙሉ ሳጥኑን ካልቀየርሽው በቀር…» የሙሉ ሳጥኑ ዋጋ ከማሽኑ ግማሽ ይበልጣል። አመስግና ወጣችና ጎን ካለው ጁስ ቤት ተቀመጠች፤ ምናልባት ሌላ የሚተካው ቺፕ ካለ የፋብሪካውን ሰነድ አይቼ ልወቅ ብላ። ማንጎ አዘዘች። ማንጎው ጥሩ ነበር፣ ኔትወርኩ ግን አልነበረም። ሰነዱ መስመር በመስመር ወረደ። አጠገቧ ሁለት ነጋዴዎች ስለ ሽንኩርት ዋጋ ይጨቃጨቃሉ፤ አንዱ ጎብዬ ላይ ትናንት የሰማውን ዋጋ በወላሂ ያጸናል፣ ሌላው በዚያ ዋጋ ሽንኩርት አይቶ እንደማያውቅ በእናቱ ይምላል። ፈሪሀ ጣቷን ስክሪኑ ላይ እየገፋች ሠንጠረዦቹን ዘለለች፣ ሥዕሎቹን ዘለለች፤ ከዚያ ከመሃል አንዲት አጭር አንቀጽ ላይ ቆመች። ሁለት ጊዜ አነበበቻት።

አንቀጹ የሚለው ቀላል ነው። ይህ ቺፕ የራሱን ጉልበት የሚያገኘው ከባትሪው ሳይሆን ከግድግዳው ነው። የግድግዳው ሲቋረጥ፣ ባትሪውን ላለመጠጣት ሲል ይተኛል። ተኝቶ ሳለ ለሚጠይቀው ሁሉ አይመልስም። ብልሽት አይደለም፣ ሲሠራ እንደዚያ ነው የተሠራው። ፈሪሀ ቀሪውን ራሷ ጨረሰችው። ስክሪኑን የሚያዘው ዋናው ቦርድ ባትሪውን በቀጥታ አያየውም፤ በሁለት ቀጭን መስመር ቻርጀሩን ባትሪው እንዴት ነው ብሎ ይጠይቀዋል። መብራት ካለ ቻርጀሩ ይመልሳል። መብራት ሲጠፋ ዝም ይላል። ይጠይቃል፣ ዝም። ደግሞ ይጠይቃል፣ ዝም። ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ደግሞ፣ የትም አገር ይሁን፣ መብራት የማይጠፋበት አገር መሆን አለበት፣ መልስ ከጠፋ ባትሪ የለም ብለህ ጻፍ፣ ጩኽም ብሎታል። ባትሪው በዚያ ሁሉ ጊዜ እዚያው ሙሉ ሆኖ ተቀምጧል። የመጀመሪያውም፣ የተጣለው፣ ሙሉ ነበር። ሳጥኑ በጮኸ ቁጥር ማጥፊያው ላይ የኡሙሃኒ ጣት ስላረፈበት ባትሪው አንድም ቀን ሥራውን ሠርቶ የማሳየት ዕድል አላገኘም። ፈሪሀ ራሷም ጠዋት ያንኑ ጽሑፍ አንብባ ሞቷል አለች። አምስት ዓመት ኢንጂነሪንግ የተማረችው እንግሊዝኛ ለማንበብ ብቻ ሆነ።

በዚህ ጊዜ የጁስ መፍጫው በመሃል ዝም አለ። ማራገቢያው ቀስ እያለ መዞሩን አቆመ። «ኤጭ!» አለ የጁስ ቤቱ ሰው፣ ወዲያው ጎንበስ ብሎ ሶኬቶቹን ይነቅል ጀመር።

ፈሪሀ እናቷ ጋ ደወለች። ይጠራል፣ አይነሳም። ዓሊማ ጋ ደወለች፤ «የደወሉላቸው ደንበኛ አሁን ሊገኙ አይችሉም» አላት። መልሳ እናቷ ጋ። አይነሳም። የማንጎውን ሂሳብ ጠረጴዛው ላይ ጥላ ወጣች፣ ባለፈው የመጀመሪያ ባጃጅ ዘላ ገባች።

«በፍጥነት፣ ከመስጊዱ ኋላ!»

ባለ ባጃጁ በመስታወቱ አያት። «ምነው እቴ፣ ቤት ተቃጠለ?»

«አልተቃጠለም። እናቴ ማጥፊያ ልትጫን ነው።»

«የምን ማጥፊያ?»

«ንዳ አቦ!»

ነዳ። ግን ያ ቀን የገበያ ቀን ነበር፣ ከዞብል ተራራ ሥር ያሉ ገጠሮች ሁሉ ወደ ከተማው ወርደዋል። አንድ አፋር ግመሎቹን አስከትሎ መንገዱን በወርዱ ይዞ ያልፋል፤ ባጃጁ ጥሩምባውን ቢነፋ የመጨረሻዋ ግመል ዞር ብላ አየችና እርምጃዋን አዘገየች። ፈሪሀ በተረከዟ ወለሉን ትመታለች። እናቷ አሁን ቴሌቪዥኑ ጋ ናት። አሁን ፍሪጁ ጋ። «እናትሽ ግን ምን ዓይነት ሰው ናቸው?» አለ ባለ ባጃጁ ግመሎቹን እያየ፣ «እኔ ለእናቴ እንደዚህ ሮጬ አላውቅም።» ፈሪሀ ወርዳ በእግሯ ልትሄድ ስትል መንገዱ ተከፈተ።

በሩ ላይ የግርማይ ፒክ አፕ ቆሟል። ጲጵታው እስከ ግቢው ድረስ ይሰማል። ይሰማል ማለት አልጠፋም ማለት ነው። ጫማዋን እንዳጠለቀች ክፍሉ ውስጥ ገባች፣ ምንጣፉን ረግጣ።

ዓሊማ ጀርባዋን ሳጥኑ ላይ አስደግፋ፣ እጆቿን አጣምራ ቆማለች። ኡሙሃኒ ብርድ ልብስ የተነጠፈበትን ቅርጫት ታቅፋ ፊት ለፊቷ። ግርማይ፣ አጭር ወፍራም፣ የመኖ ዱቄት ጫማው ላይ የነጣ ሰውዬ፣ በሰው ቤት ጠብ መሃል እንደገባ እንግዳ ዓይኑን የመህዲ ፎቶ ላይ ተክሎ ዱካ ላይ ተቀምጧል።

«ነይ ንገሪልኝ!» አለች ኡሙሃኒ። «እሺ ስትል የኖረች ልጅ ዛሬ ጂን ገባባት። መብራት ሄደ፣ ባትሪ የለም፣ እንቁላሉ እዚያ ውስጥ በርዶ እየሞተ ነው፣ አልለቅም አለች።»

«ክዳኑን አልከፍትም እማማ» አለች ዓሊማ። እግሯ ካለበት አልተነቃነቀም። «ቢሞቱም እዚሁ ይሙቱ። አራቱ ነቁረዋል። አሁን ወደ ቅርጫት ካዛወርናቸው መሞታቸው አይቀርም፤ ባለፈውም እንደዚያ ነው የሞቱት። ይተዉት።»

«አትንኩት!» አለች ፈሪሀ ትንፋሿን እየሰበሰበች። «ባትሪው አለ። አልሞተም። ቺፑም አልሞተም፣ ተኝቶ ነው።»

ኡሙሃኒ ቅርጫቱን ወደ ጎኗ አዞረች። «ጠዋት ሞቷል አልሽ። አሁን ተኝቷል ትያለሽ። ማታ ደግሞ ሚስት አገባ ልትይኝ ነው?»

ግርማይ ሳቁን ሊውጠው ሞከረ፣ አልሆነለትም።

«ጠዋት ተሳስቻለሁ።»

«ሳትለኪ ነው የተናገርሽው» አለች ዓሊማ፣ ሳትዞር። ይህ ከሷ የወጣ የመጀመሪያው ቅያሜ ነበር፤ ፈሪሀ ተቀበለችው።

ከዚያ አስረዳች። ፈጥና፣ ቃል እየዋጠች፣ በእጇ ሳጥኑን እየጠቆመች። ይሄ የሚጠይቅ ነው፣ ይሄ የሚመልስ ነው። የሚመልሰው እንጀራው የሚመጣው ከግድግዳው ነው። ግድግዳው ሲደርቅ ይተኛል። የሚጠይቀው መልስ ሲያጣ የለም ብሎ ይጽፋል። ጽሑፉ ስለ ባትሪው ምንም አያውቅም፤ ጠርቼ መልስ አጣሁ ነው የሚለው፣ አይቼ የለም አይደለም። ግርማይ አገጩን እያሻሸ ሰማ፤ ገብቶት ይሁን በትህትና አልታወቀም። ኡሙሃኒ ግን እየሰማች አልነበረም። ጎንበስ ብላ በዓሊማ ክንድ ሥር ስክሪኑን ታየዋለች። ጽሑፉ አረንጓዴ ብርሃን ላይ ተጽፏል። ክፍሉ ውስጥ ሌላ የሚበራ ነገር የለም፣ አምፖሉ ጠፍቷል፣ የሳሎኑ ሬዲዮ ዝም ብሏል።

«ቆይ እስቲ» አለች ኡሙሃኒ። «ባትሪ ከሌለ ታዲያ ይሄን ጽሑፍ ምን አበራው?»

ጆሮዋን ወደ ሳጥኑ አስጠጋች።

«ጩኸቱስ? ሆዱ ባዶ የሆነ ነገር እንደዚህ ይጮኻል?»

«እሱን ነው የምልሽ እማ።»

«አንቺ ያልሽው ስለ እንጀራና ግድግዳ ነው። እንደዚህ አትዪም ነበር?» ቅርጫቱን ወለል ላይ አስቀመጠችና ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። «እሺ። እንየዋ። የሙቀቱ ቁጥር ከወረደ ግን ወላሂ ማንንም አልሰማም።»

እንግዲህ ጠበቁ። የሙቀቱ ቁጥር ማሽኑ ላይ ለብቻው፣ በቀይ ይታያል፤ ሠላሳ ሰባት ተኩል። አራት ሰዎች በአንዲት ክፍል ውስጥ፣ በቆቦ የቀትር ሙቀት፣ በዚያ ጲጵታ መሃል አንድ ቁጥር ሲያዩ መዋላቸው ውጪ ላለ ሰው ቢነገር አይታመንም። ጩኸቱ መጀመሪያ ጥርስ ያፋጫል፣ ከዚያ ይለመዳል። ኡሙሃኒና ዓሊማ ተራ በተራ ሰግደው ተመለሱ፤ ኡሙሃኒ ስትወጣ ፈሪሀን «ጠብቂው» ያለቻት ለማሽኑ ይሁን ለግርማይ አልገለጸችም። ግርማይ መሄድ ይችል ነበር። አልሄደም። የበቆሎ ዋጋ እንዴት እንደናረ፣ አላማጣ ላይ የመኖ ወፍጮ እንደተከፈተ፣ ሚስቱ ብርኽቲ ዶሮ ሳይሆን ንብ እናርባ እያለች እንዳስቸገረችው አወራ። «ንብ ቢያንስ ሶኬት አይፈልግም ትለኛለች» አለ። ኡሙሃኒ ሳቀች፤ ጠዋት ፊቷ ላይ የነበረው ቁጣ ከዚያ በኋላ አልተመለሰም። ቀዝቃዛ ውሃ አስመጣችለት፣ ቀጥሎ ዳቦ፣ ቀጥሎ የተቀቀለ እንቁላል፤ እንቁላሉን ስታቀርብ ማሽኑን አየት አድርጋ «ይሄ ከሱቅ ነው» አለች።

ቁጥሩ አልወረደም። አንዴ ወደ ሠላሳ ሰባት ነጥብ አራት ዝቅ ሲል ኡሙሃኒ በጉልበቷ ተነሳች፤ ማሞቂያው እንደ ዝንብ ድምፅ አሰምቶ ቁጥሩን ወደ ቦታው መለሰው፣ እሷም ተቀመጠች። ፈሪሀ ጉልበቷን አቅፋ ግድግዳ ተደግፋ ነበር። መጠበቅ አትወድም፣ ግን የምታደርገው ሌላ ነገር አልነበረም፤ ባትሪው እየሠራ ነው፣ እሷ ምን ልትጨምርበት። ዓሊማ ከሳጥኑ አጠገብ ተነስታ ወደ ማሽኑ መስታወት የሄደችው በዚህ መሃል ነው። ግንባሯን አስደግፋ ቆየች። ከዚያ ጣቷን አነሳች፣ ዝም በሉ ለማለት፣ ማንም የሚናገር ባይኖርም።

ከጲጵታው ሥር ሌላ ጲጵታ ነበር። ቀጭን፣ ያልተስተካከለ።

ሁሉም ወደ መስታወቱ ተጋፉ፤ ግርማይ ሳይቀር በጉልበቱ ተንበረከከ። ባለ ሦስት ነጥቧ እንቁላል ለሁለት ተከፍላለች። መሃሏ ላይ አንድ እርጥብ፣ አስቀያሚ፣ አንገቱን መሸከም ያልቻለ ነገር ተጋድሟል። ተነሳ፣ ወደቀ፣ ተነሳ፣ ጎኑ ያለውን ጨረቃ ያለበትን እንቁላል ረገጠው። «ማሻአላህ» አለች ኡሙሃኒ በሹክሹክታ። «ማሻአላህ፣ እግሩን እዩልኝ፣ ቆሟል እኮ!» ፀሐዩ ከቆርቆሮው ላይ እስኪወርድ ድረስ ሌሎች ተከተሉ፤ አንዳንዱ ጨርሶ ሳይጮኽ ይወጣል፣ አንዳንዱ ገና ሳይወጣ ያማርራል። ኡሙሃኒ ምልክቱን በመስታወቱ እያየች የባለቤቶቹን ስም ትጠራለች፤ ይቺ የዘካሪያስ ሚስት ናት፣ ይቺ የታችኛዋ ጎረቤት ናት፣ ይቺኛዋ ባለፈው ሰላምታ የነፈገችኝ ናት፣ አሁን ትምጣና ትየው። መብራት መቼ እንደተመለሰ በትክክል ያወቀ የለም። አንድ ጊዜ ፈሪሀ ዞር ስትል አምፖሉ በርቷል፣ ስክሪኑ ባትሪው ከግማሽ በላይ እንደሆነ ጽፏል፣ የሳጥኑ ጩኸት ቆሟል፤ ክፍሉ ግን ከበፊቱ የበለጠ ይጮኻል።

ግርማይ ጉልበቱን አራግፎ ተነሳ። «እንግዲህ መኪናዬን ባዶ ይዤ ልመለስ ነው» አለ፣ ግን ያዘነ አይመስልም። «ማሽኑስ ይቅር። ጫጩቶቹን በስንት ይሰጡኛል፣ ኣደይ ኡሙሃኒ?» ብሎ ጠየቃት፣ በትግርኛ እናቴ እያለ።

ኡሙሃኒ አፏን ከፈተች። ከግርማይ ጋር ዋጋ ስትቀጥልና ስትቀንስ የኖረች ሴት ናት፤ ቁጥሩ ምላሷ ጫፍ ላይ እንደነበር ፈሪሀ አይታለች። ከዚያ አፏን ዘጋችው።

«እኔን ምን ትጠይቀኛለህ?» አለች። «ባለቤቷ ያቻት።»

ዓሊማ ከመስታወቱ አልዞረችም። ኡሙሃኒ ቃሏን መልሳ ትወስደው እንደሆነ የምትጠብቅ ይመስል ነበር። የሚወስደው ሲጠፋ ጊዜ ተናገረች።

«የጎረቤቶቼን ድርሻ ሳላደርስ አንድም አልሸጥም። ከዚያ በኋላ ይምጡ። ብር ይዘው ሳይሆን መኖ ይዘው፤ ጫጩት ብር አይበላም። መኖውም ከዱቄት የተደባለቀው ሳይሆን የደህናው ይሁን፤ ጫማዎ ላይ ያለውን አይቻለሁ።»

ግርማይ ጫማውን አየ። ከዚያ ኡሙሃኒን አየ። «ኣደይ፣ ይቺ ከእርስዎ ትብሳለች!»

«እኔ ነኝ ያስተማርኳት» አለች ኡሙሃኒ።